ማዞር ሁሉ ደም ማነስ አይደለም

አልጋ ላይ ገልበጥ ሲሉ ጣራው ይሽከረከራል። ቀና ብለው ከመደርደሪያ ዕቃ ሲያወርዱም እንዲሁ። ጥቂት ሰከንዶች ያዞርና ይተዋል። እንዲህ ያለው ማዞር ብዙ ጊዜ ከውስጠኛው ጆሮ ነው፤ ሐኪሞች ቢፒፒቪ ይሉታል። ሰው ስለሱ የሚለውን አንድ በአንድ እንይ።

«ደም ማነስ ነው፤ ቀይ ሥር ይብሉ»

ቀይ ሥር ጥሩ ነው፣ ይብሉ። ደም ማነስ ግን የሚያደክምና ራስ የሚያቀል እንጂ አልጋ ላይ በተገላበጡ ቁጥር ቤቱን የሚያዞር አይደለም። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ሚዛን ለመጠበቅ የሚረዱ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አሉ። ከቦታቸው ተላቀው ፈሳሽ ወዳለበት ቀጭን ቱቦ ከገቡ፣ ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ፈሳሹን ያናውጡታል። አንጎልም እየዞሩ ነው የሚል የሐሰት ወሬ ይደርሰዋል።

«ኤም አር አይ ሳይነሡ አይታወቅም»

ይሄኛው ኪስ ያራቁታል። ቅንጣቶቹ በኤም አር አይ አይታዩም። ምርመራው የሚፈልገው አልጋና የሚያውቅ ሐኪም ነው። ቁጭ እንዳሉ ራስዎን 45 ዲግሪ ወደ ጎን ያዞርና ፈጠን አድርጎ በጀርባዎ ያስተኛዎታል፤ ጭንቅላትዎ ከአልጋው ጠርዝ ዝቅ ይላል። ከዚያ ዓይንዎን ያያል። ችግሩ ካለ ጥቂት ቆይቶ ዓይንዎ በራሱ ጊዜ እየዘለለ ይሽከረከራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃ ሳይሞላ ይቆማል። ያስጠላል፣ ግን ዓይንዎን አይጨፍኑ፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው። ምርመራው ዲክስ-ሆልፓይክ ይባላል፤ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው።

«የማዞር ኪኒን ያድነዋል»

ኪኒን ማቅለሽለሹን ያስታግስ ይሆናል እንጂ ቅንጣት አይመልስም። አንዳንዱ እንቅልፍ ስለሚያመጣ አረጋውያንን ለመውደቅ ያጋልጣል። የሚያድነው ጭንቅላትን ደረጃ በደረጃ እያዞሩ ቅንጣቶቹ በራሳቸው ክብደት ተንሸራተው እንዲወጡ ማድረግ ነው። ዘዴውን የፈጠረው አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ጆን ኤፕሊ ነው። መድኃኒት የለ፣ ቢላ የለ፤ ባልደረቦቹ ለዓመታት አላመኑትም። ጽሑፉ በ1992 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ብዙ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይሻለዋል። የአንገት ችግር ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ።

«ጆሮ ቢጸዳ ይተዋል»

ቅንጣቱ ከታምቡር ጀርባ ነው። ጥጥ አይደርስበትም፣ አይሞክሩ።

«አንዴ ከተሻለ አይመለስም»

ሊመለስ ይችላል። ያንኑ ሕክምና መድገም ነው።

«ከጆሮ ከሆነ አያሰጋም»

ቢፒፒቪ ራሱ ዕድሜ አያሳጥርም። የመስማት ችሎታንም አይቀንስም፤ ጆሮዎ ከጮኸ ወይም መስማት ከቀነሰ ሌላ ሕመም ስለሚሆን የአንገት በላይ ሐኪም ይይዎት። ማዞሩ ያለማቋረጥ ከቀጠለ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ ወይም መራመድ ካቃተ ግን ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ነገን ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።