ከካላዛር ድኖ ምርመራው «ፖዘቲቭ» ሲል

መተማ ሰሊጥ ሊያርም ወርዶ ካላዛር የተባለው የተውሳክ በሽታ ይዞት የተመለሰ፣ ጎንደር ተኝቶ የ17 ቀኑን መርፌ የጨረሰ ሰው ከወራት በኋላ ትኩሳት ሲሰማው መጀመሪያ የሚጠይቀው በሽታው የተገኘበትን ያንኑ ፈጣን ምርመራ ነው። ከጣት ጫፍ የደም ጠብታ፣ ቀጭን ወረቀት፣ ሁለት ቀይ መስመር። «አልዳንኩም ማለት ነው?» ከዚህ ወረቀት ብቻ እንዲያ ማለት አይቻልም።

አርኬ39 የሚባለው ይህ ምርመራ ተውሳኩን አያይም። የሚያየው ሰውነት ተውሳኩን ሊዋጋ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ተውሳኩ ቢጠፋም ፀረ እንግዳ አካሉ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ማገርሸቱን ለማወቅ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። ናሙናው የሚወሰድበት መርፌ ያስፈራል፣ አልዋሽም። ወረቀቱን ደግሞ ማሠራት ግን የብር ብክነት ነው።

ለምን ያገረሻል? በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚገባው ይህ ተውሳክ፣ ሌሽማኒያ፣ የሚደበቀው ጀርም ሊውጥ በተላከው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ነው፤ ሌባው ዘበኛው ቤት ያድራል እንደማለት። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ማገርሸቱ የሚበዛው ዘበኛውን የሚያነቁት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ስለሚመናመኑ ነው።

በሙከራ ላይ ያለው ኤልኤክስኢ408 የተባለ የካላዛር መድኃኒት ደግሞ የሚዋጥ ነው። ተውሳኩ ያረጁ ፕሮቲኖቹን የሚፈጭበትን ፕሮቲያዞም የተባለ ክፍል ይዘጋበታል፤ ቆሻሻው ሲከማችበት ይሞታል።