ፔግ-40 ሃይድሮጅኔትድ ካስተር ኦይል ምንድን ነው?

እህቴ ለልጇ የገዛችውን እርጥብ መጥረጊያ ገልብጣ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ጮክ ብላ ስታነብ እማዬ ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። «ምን አልሽ? ካስተር? እሱ ጉሎ አይደለም እንዴ? ጉሎ እኮ መርዝ ነው! የልጁን ገላ በዚህ ነው የምትጠርጊው?» እህቴ እሽጉን እንዳቃጠላት ነገር ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

እማዬ ያለ ምክንያት አልደነገጠችም። እሷ ባደገችበት ቤት አዲስ ምጣድ የሚሟሸው በተወቀጠ የጉሎ ፍሬ ነበር፤ ያንኑ ፍሬ ሕፃን አፉ ውስጥ ከከተተው ግን ቤቱ ይሸበራል። ዥንጉርጉሩ ፍሬ መዥገር ይመስላል፤ ሪሲነስ የተባለው ሳይንሳዊ ስሙም በላቲን መዥገር ማለት ነው። በውስጡ ያለው ሪሲን የተባለ ፕሮቲን፣ ፍሬው ታኝኮ ከተዋጠ ሰው ሊገድል የሚችል መርዝ ነው።

ሪሲን ግን የሚሟሟው በውሃ እንጂ በዘይት አይደለም። ከፍሬው ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ያ ዘይት ተጨምቆ ሲወጣ መርዙ ከፋጉሎው ጋር ይቀራል። ለመዋቢያ የሚውለው ዘይት ደግሞ ሲጣራ ሙቀት ስለሚያገኘው፣ አምልጦ የገባ ፕሮቲን ቢኖር እንኳ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ሊፈራ የሚገባው ፋጉሎው ነው። መርዙ ሳይከሽፍ ለከብት መስጠትም አደጋ አለው።

እሽጉ ላይ የተጻፈው ግን ዘይቱ ራሱ እንኳ አይደለም፤ ከዘይቱ ተነሥቶ በፋብሪካ የተሠራ ሌላ ነገር ነው። በጉሎ ዘይት ውስጥ ካሉት የቅባት አሲዶች 90 በመቶ ያህሉ ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው። የዚህ አሲድ ሰንሰለት እንደ ጀበና ጆሮ ጎኑ ላይ መያዣ አለው፤ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተጣበቁበት ቦታ ማለቴ ነው። ሌሎች የተለመዱ የምግብ ዘይቶች ይህ የላቸውም። ኬሚስቶች ጉሎን የሚወዱት በዚያ ጆሮ ይዘው የፈለጉትን ስለሚቀጥሉበት ነው።

«ሃይድሮጅኔትድ» ማለት ሃይድሮጅን ተጨምሮበት ጠጥሯል ማለት ነው። ፈሳሹ ዘይት በ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚቀልጥ ሰም መሳይ ነገር ይሆናል፤ ሊፒስቲክ በሙቀት እንዳይልፈሰፈስ የሚረዳው እንዲህ ያለ ሰም ነው። «ፔግ» ደግሞ ውሃ ወዳድ ሰንሰለት ነው፤ ኤቲሊን ኦክሳይድ ከሚባል ጋዝ ይሠራል። 40 ቁጥሩ በአማካይ ስንት የኤቲሊን ኦክሳይድ ቁራጭ እንደተቀጠለ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በብርጭቆ ውሃ ላይ የሎሚ ሣር ዘይት ጠብ አድርጉበት። እንደ ወጥ ቅባት ዓይን ሠርቶ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ያንኑ ጠብታ መጀመሪያ ከፔግ-40 ጋር በደንብ አዋሕዳችሁ ውሃውን ቀስ በቀስ ብትጨምሩ ግን ዓይኑ ይጠፋል። ግማሹ አካሉ ዘይት፣ ግማሹ ውሃ ስለሚወድ ሁለቱን ያስታርቃቸዋል። ሳሙናም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው።

ወደ ደኅንነቱ ስንመጣ፣ አሜሪካ ውስጥ የመዋቢያ ግብዓቶችን የሚመረምረው የባለሙያዎች ቡድን (ወጪውን የሚሸፍነው የመዋቢያ ኢንዱስትሪው መሆኑ ይታወቅ) እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት፣ የጉሎ ዘይትና ሪሲኖሌቶች (ከሪሲኖሌይክ አሲድ የሚሠሩ ውህዶች) በተለመደው አጠቃቀማቸው ደኅና ናቸው ብሏል። በአንዳንድ መዋቢያ ውስጥ የዘይቱ መጠን እስከ 81 በመቶ ይደርስ ነበር። ያም ሆኖ በሊፒስቲክ ውስጥ ባለው የጉሎ ዘይት ከንፈራቸው የሚያሳክካቸውና የሚላላጥ ሰዎች አሉ፤ ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ።

የፔግ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ፔግ ሲሠራ 1,4-ዳዮክሴን የሚባል፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ቅሪት ይፈጠራል። ቅሪት እንጂ ግብዓት ስላልሆነ እሽጉ ላይ አይጻፍም፤ ይህን እኔ እንደ ቀላል አላየውም። ጠንቃቃ ፋብሪካ በቫኪዩም መጥጦ ያወጣዋል። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2022 ማብቂያ ጀምሮ በመዋቢያ ውስጥ ከሚሊዮን 10 እጅ እንዳይበልጥ በሕግ ወስኗል። እንግዲህ የምትገዙት ዕቃ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ አድራሻ የሌለው ከሆነ ስጋቱ ከጉሎው ሳይሆን ከዚህ ነው።

ፓክሊታክሴል የተባለው የካንሰር መድኃኒት በተለመደው አዘገጃጀቱ የሚሟሟው የፔግ-40 ዘመድ በሆነው በፔግ-35 ካስተር ኦይል ነው። በደም ሥር ሲሰጥ ብርቱ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ሐኪሞች አስቀድመው መከላከያ ይሰጣሉ። ይህን አንብበው የሚደነግጡ አሉ። በደም ሥር መግባትና ጤነኛ ቆዳ ላይ ተቀብቶ መታጠብ ግን አንድ አይደለም።

እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ንጹሕ ዘይቱን እንደፈለጉ መጠቀም ነው። ለፀጉር ብለው የገዙትን ዓይን ውስጥ ጠብ የሚያደርጉ አሉ፤ የዓይን ጠብታ ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት፣ የፀጉር ዘይት ደግሞ እንደዚያ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሆና ምጥ እንዲመጣ የምትጠጣም አለች። ሪሲኖሌይክ አሲድ አንጀትንም ማሕፀንንም ያኮማትራል፤ ያለ ሐኪም የሚሞከር ነገር አይደለም።

እህቴ እሽጉን መልሳ አነሣች። ሕፃኑ ቂጡ አካባቢ ቀላ ብሎ ስለነበር ከፔግ-40 አጠገብ ያለውን ቃል እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። «ፓርፉም» ይላል። ፔግ-40 እዚያ የገባው ሽቶውን ውሃ ውስጥ ለማሟሟት ነው፤ ቆዳን በአለርጂ በማስቆጣት ደግሞ ሽቶ ከእሱ በጣም የባሰ ነው። በማግስቱ ሽቶ የሌለበት ገዛች። እማዬ አሁንም በጥጥና ለብ ባለ ውሃ ይሻላል ትላለች፤ ለቀላ ቆዳ እውነቷን ነው።