«ካለ ነገር አልያዙትም»፦ ስለ እስርና ክስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ በፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቼ አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ራፖር ጸሐፊ ይሉናል። ጠበቃ አይደለሁም። ሰው ወረቀት ሊያስጽፍ ይመጣና ከወረቀቱ በፊት የሰማውን ሁሉ ያራግፍልኛል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ሕጉ የማያውቀው ነገር ነው።

«ፖሊስ ሲጠይቅህ ዝም ካልክ አመንክ ማለት ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው። ይህ መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ወዲያውኑ፣ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ተገድዶ የሰጠው የእምነት ቃል ደግሞ ተቀባይነት የለውም።

አንድ ቀን ከገጠር የመጡ አባት አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። የፊርማው ቀለም ከጥፍራቸው ሥር ገና አልለቀቀም።

«ምን ላይ ነው የፈረሙት አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። እዚህ ላይ አሉኝ፣ እጄን ሰጠኋቸው።»

የተጻፈውን አላነበቡላቸውም፤ እሳቸውም አንብቡልኝ አላሉም፤ ማስቸገር መስሏቸው። አንብቡልኝ ማለት ማስቸገር አይደለም። ያልተናገሩት ከተጻፈ ይታረም ማለት፣ ካልታረመም አለመፈረም ይቻላል። የተደበደበ ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያ በቀረበበት ችሎት ለዳኛው ይናገር። ቁስሉ ከሻረ በኋላ የሚነገር ድብደባ ለማስረዳት ይከብዳል።

«48 ሰዓት ካለፈ መልቀቅ ግዴታቸው ነው»

ሕጉ የሚለው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው። በግምት ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ አይቆጠርም፤ ከደላንታ ወይም ከወግዲ ቆላ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቀረበውን ሰው ዳኛው ሊለቀው ወይም ለፖሊስ የምርመራ ጊዜ ሊፈቅድበት ይችላል። ጊዜ ቀጠሮ የሚባለው ይህ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ፖሊስ ተጨማሪ በጠየቀ ቁጥር ምን እንደሠራና ምን እንደቀረው ንገረን ማለት ይገባል። ስለዚህ ቤተሰብ የተያዘበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ይጻፍ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት አንዳንድ መብቶች ሊገደቡ ይችላሉ፤ ወሎ ይህንን አይቶታል። ጭካኔ የተሞላበትና ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን በአዋጅም አይታገድም።

«በዋስ ወጣ፤ ተገላገለ»

ዋስትና ፍርድ አይደለም፤ በቀጠሮህ እንደምትቀርብ የምትሰጠው መያዣ ነው። ከቀረብክ ገንዘቡ መጨረሻ ላይ ይመለሳል፣ ከጠፋህ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። «ሰው የሞተበት ጉዳይ ዋስ የለውም» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ዋስትና የሚከለክለው ወንጀሉ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂውም የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ ነው። ከሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በቸልተኝነት ሰው የገጨ ሹፌር ሁሉ እዚህ ውስጥ አይገባም።

«በአበጋር ታርቀናል፤ ክሱ ይቀራል»

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አገራችን ነውና። ደም ሲፈስ አበጋር የምንላቸው የአገር አስታራቂ ሽማግሌዎች መሐል ገብተው፣ በራያ ቆቦ በኩልም ዘወልድ የሚባለው ሽምግልና ተቀምጦ፣ የደም ካሳ ተከፍሎ ቂሙ ይደርቃል። ይህን የሚያቃልል ሰው የሟች ወገንና የገዳይ ወገን በአንድ ገበያ መዋል እንደማይችሉ የማያውቅ ነው። እስር ቤት ቂም አያደርቅም፤ ቅጣቱን ጨርሶ የወጣውን ሰው ደመኛው ይጠብቀዋል።

ግን በነፍስ ግድያ ከሳሹ የሟች ወንድም አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር፤ ከሳሽ ከተወ ነገሩ አለቀ። ዛሬ ቤተሰቡ «ይቅር ብለናል» ቢልም ክሱ ይቀጥላል። ዕርቁ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በወንጀል ሕጉ መጸጸትና የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስ ቅጣት ማቅለያ ነው፤ እንደ ስድብ ያሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች ደግሞ በስምምነት ሊያልቁ ይችላሉ። የዕርቅ ወረቀት ሊያጽፉ የሚመጡትን ግን ሁልጊዜ አስቆማቸዋለሁ። «እገሌን በመግደሌ ካሳ ከፈልኩ» ብሎ የፈረመ ተከሳሽ ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እየጻፈ ሊሆን ይችላል። ከማጻፉ በፊት ጠበቃ ይጠይቅ።

«ካለ ነገር አልያዙትም፤ ንጹሕ ከሆነ ያስረዳ»

ማስረዳት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው። ምስክሮቹ ተሰምተው ክሱ ካልተረጋገጠ ተከሳሹ መከላከያ ሳያቀርብ ነጻ ይሰናበታል።

«የመንግሥት ጠበቃ ለመንግሥት ይሠራል»

ተከላካይ ጠበቃ ደመወዙ ከመንግሥት ነው፤ ደንበኛው ግን ተከሳሹ ነው። ጠበቃ ማቆም አቅም የሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ሰው በመንግሥት ወጪ ይቆምለታል። ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ለአንድ ሰው የሚተርፋቸው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ጉዳዩን አሳጥሮ አዘጋጅቶ፣ የምስክሮቹን ስም ይዞ የሚቀርብ ቤተሰብ ብዙ ያግዛቸዋል።

«አማርኛ ይሰማል እኮ፤ አስተርጓሚ ምን ያደርግለታል?»

ሰኞ ለባቲ ገበያ የሚመጣ የአፋር ግመል ነጋዴ በአማርኛም በኦሮምኛም ዋጋ ይከራከራል። እዚያው ተጣልቶ ሰው ቢሞትና ቢከሰስ ግን ክርክሩ ሌላ ነው። ችሎቱ የሚሠራበትን ቋንቋ በደንብ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ግመል የሚሸጥበት አማርኛ «አስበህ ነው?» እና «ሳትጠነቀቅ ቀርተህ ነው?» የሚሉትን ጥያቄዎች ላይለይለት ይችላል። ለመጀመሪያው «አዎ» ያለ ሰው የሚጠብቀው ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ በቸልተኝነት መግደል ግን በመነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው።