የምክር ቤት የውስጥ ደንብ ማሻሻል፦ ከወሎ ሲታይ

የውስጥ ደንብ ምክር ቤት ለራሱ የሚያወጣው የአሠራር ሥርዓት ነው። አጀንዳ ማን ያስይዛል? ሰነድ ለአባላት መቼ ይደርሳል? የተጠየቀ ሹም እስከ መቼ ይመልሳል? ይህን የሚወስነው እሱ ነው። ነገሩ አሰልቺ ይመስላል። የምክር ቤት ጉልበትና ድክመት ግን የሚታየው እዚሁ ላይ ነው።

ወሎ አቅም የሌለው ፓርላማ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። የኢትዮጵያ ፓርላማ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ተቋቋመ። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የታችኛው ቤት (የሕግ መምሪያው) አባላት በሕዝብ ይመረጡ ነበር። በ1965 እና በ1966 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ምክር ቤቱ ክፍት ነበር። ሚኒስትሮቹ ግን ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ይደነግጋል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ባለ በማንኛውም ጉዳይ ይወያያል። ጥሩ ነው። ገዢው ፓርቲ ወንበሩን ሞልቶ በያዘበት ቤት ግን ተቃዋሚ አንድ ሦስተኛውን ከየት ያመጣል? ይህን የውስጥ ደንብ አይሽረውም፤ ለጥቂቶች ሌላ በር ሊከፍት ግን ይችላል። ለምሳሌ የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የብዙዎቹን የክትትል ኮሚቴዎች ሰብሳቢዎች በአባላቱ ምስጢራዊ ድምፅ ያስመርጣል።

ወደ ወሎ እንምጣ። የሰሜንና የደቡብ ወሎ ዞኖች የራሳቸው የተመረጠ ምክር ቤት የላቸውም፤ ከሚሴ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ግን አለው። ለደላንታ ወይም ለመቄት ገበሬ ቅርቡ የወረዳው ምክር ቤት ነው። የክልሉ ባሕር ዳር ነው።

የወረዳ ምክር ቤት ዋና ሥራው ዕቅድና በጀት ማጽደቅ፣ ካቢኔውን መቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ያለው ሰኔ ደግሞ የእርሻ ወቅት ነው፤ የገበሬው ተወካይ ልቡ ማሳው ላይ ነው። በቁጥር የታጨቀ ሰነድ ስብሰባው ዕለት ጠዋት ከታደለው ምን ብሎ ይጠይቃል? እጅ ይወጣል፣ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይባላል፣ ምሳ ይበላል። ስለዚህ ለእኔ ትልቁ ማሻሻያ ሰነድ ቀደም ብሎ እንዲደርስ ማስገደድ ነው፤ ያውም በአንድ ገጽ ማጠቃለያ። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሁለተኛው የቃለ ጉባኤ ጉዳይ ነው። ባለፈው ጉባኤ «እናየዋለን» የተባለው የውኃ ወይም የመንገድ ጥያቄ የት ደረሰ? ደንቡ ይህን የመጀመሪያ አጀንዳ ካላደረገው ተረስቶ ይቀራል። የካቢኔ አባላት የምክር ቤቱም አባል በሆኑበት ቦታ ሥራቸውን በሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ እንዳይገቡ መከልከልም ያስፈልጋል። አለበለዚያ ራሳቸውን ራሳቸው ሊገመግሙ ነው።

ደንብ የማይነካው ነገርም አለ። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ተካሄደ። በ2010 መደረግ የነበረበት ቀጣዩ ምርጫ ግን ተራዘመ፤ የተወካዮቹ የሥራ ዘመን ደግሞ አምስት ዓመት ነው።