«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ ቤት ለመግዛት ለሚጣደፍ ባል

የአባባሉ ምስል የተወሰደው ከአገር ልብስ ነው። ረጅሙ መቀነት ወገብ ላይ ደጋግሞ ይጠመጠማል፣ ጫፉም ተስተካክሎ ይወተፋል፤ ለዚህ ደግሞ ሰው ቆም ማለት አለበት። እየሮጠ የታጠቀ ሰው መቀነቱ መላላቱን የሚያውቀው መሀል መንገድ ላይ፣ እጁ በሌላ ነገር በተያዘበት ሰዓት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው በጥድፊያ ለተመሠረተ ትዳር ነው። እኔ ግን በቱሉ ዲምቱና በቂሊንጦ በኩል፣ በአዲስ አበባ ዳር፣ ከሚሰማው የባልና ሚስት የቤት ክርክር የበለጠ የሚስማማው ቦታ አላገኘሁለትም። ባል ከደላላ ጋር ውሎ ማታ ይገባል፦ «ነገ ቀብድ ካልከፈልን ያመልጠናል፤ ገዝተን እናከራየዋለን።» ሚስት ትጠይቃለች፦ «ካርታው በማን ስም ነው? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የጨረቃ ቤት እንዳይሆን ብቻ!» ያለ ፈቃድ በሌሊት ተሠርቶ በቀን የሚፈርሰውን ማለቷ ነው። ባል ይህን ፍርሃት ይለዋል። እኔ ደግሞ ደላላው የዘለለውን ሁሉ የጠየቀችው እሷ ናት እላለሁ። ተጣዳፊዋ ሚስት፣ ጎታቹ ባል የሆነበት ቤትም አይጠፋም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣነት ለመስጠት የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ከ500 ብር በላይ መበደርም እንዲሁ ነው፤ በዛሬ ገበያ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ለአንባቢ እተወዋለሁ። ባል መኖሪያቸውን በድብቅ አስይዞ ቢበደር፣ ሚስት ነገሩን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ሳያልፈው፣ ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው ልትጠይቅ ትችላለች። መቀነቱ በዳኛ እጅም ይፈታል ማለት ነው። አዲሱ ቤት በእሱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በስተቀር ሕጉ የጋራ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ማሳመን የሚፈልግ ሰው ሚስቱን ይዞ ቤቱ ወዳለበት ሰፈር ይሂድ፤ በክረምት፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ሠራተኛው ታክሲ ተሰልፎ በሚመለስበት ምሽት። ከአካባቢው ሴቶች ጋር አንድ ቡና ጠጥታ ስትነሣ፣ የኪራዩን ዋጋም የውሃውን ተራም ከደላላው በተሻለ ታውቃለች። እሺ ካለችም ወዲያው ወደ ባንክ አይሮጥ። ተከራይ ለሦስት ወር ቢጠፋ የብድሩ ክፍያ ከየት እንደሚመጣ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ገንዘብ እንዳይነካ እስከ የት እንደሚሄዱ ተነጋግረው ይጻፉት። ደላላው በዚህ መሀል ደጋግሞ ይደውላል፤ ይደውል።