ሉዳይቶች፦ የእንግሊዝ ማሽን ሰባሪ ባለሙያዎችና የተፈረደባቸው ቅጣት

ሉዳይቶች የሚባሉት ከ1811 እስከ 1817 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ መካከለኛና ሰሜናዊ አውራጃዎች የካልሲ፣ የሱፍ ጨርቅና የጥጥ ማሽኖችን በመዶሻ የሰባበሩ፣ አንዳንዴም ፋብሪካ ያቃጠሉ የጨርቃ ጨርቅ ባለሙያዎች ናቸው። አዲስ ነገር ሁሉ የሚያስፈራቸው ኋላ ቀር ሰዎች ተደርገው መሣላቸው ተገቢ አይደለም። በተለይ የኖቲንግሃም ካልሲ ሠሪዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ በማሽን ሲሠሩ የኖሩ፣ ማሽኑንም ከባለቤቱ ይልቅ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

መነሻው

የካልሲ ማሽን በዚያ ዘመን አዲስ ነገር አልነበረም። ዊልያም ሊ የተባለ ሰው በኖቲንግሃምሻየር፣ በካልቨርተን መንደር በ1589 እንደፈለሰፈው ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የአካባቢው ሕዝብ ኑሮ የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነበር። ሠራተኛው ማሽኑን አብዛኛውን ጊዜ በገዛ ቤቱ ተክሎ ይሠራል፤ ለባለቤቱ ኪራይ ይከፍላል። ሥራ ሲቀዘቅዝም ኪራዩ አይቀርለትም።

በ1811 የፈነዳው ቅሬታ ማሽኑ ምን እንደሚሠራበትና ማን እንደሚሠራበት የሚመለከት ነበር። አንዳንድ ነጋዴዎች ሰፊ ጨርቅ አሠርተው እየቆረጡና እየሰፉ እንደ ካልሲ መሸጥ ጀመሩ። እንዲህ ያለው ካልሲ ቶሎ ይተረተራል፤ ርካሽ ስለሆነ ግን የጥሩውን ሥራ ገበያ ሰበረ፣ የሙያውንም ስም አጎደፈ። በሕግ የተወሰነውን የልምምድ ዘመን ያልጨረሱ ልጆችን በዝቅተኛ ክፍያ ማሠራትና ደመወዝን በገንዘብ ፈንታ በዕቃ መክፈልም ተጨመረበት። ከናፖሊዮን ጋር በሚደረገው ጦርነት ምክንያት የአሜሪካ ገበያ ተዘጋ፤ ዳቦም ተወደደ። በ1799 እና በ1800 የወጡት ሕጎች ሠራተኞች ስለ ደመወዝ እንዳይደራጁ ስለከለከሉ አቤቱታቸውን በማኅበር የሚያቀርቡበት መንገድ አልነበራቸውም።

ኖቲንግሃምሻየር

መጋቢት 11 ቀን 1811 ከኖቲንግሃም ከተማ አጠገብ በምትገኘው በአርኖልድ ከ60 በላይ የካልሲ ማሽኖች በአንድ ሌሊት ተሰበሩ። በተከታዩ ክረምት በአካባቢው የተሰበሩት ማሽኖች ቁጥር ወደ 1,000 ተጠጋ። ሰባሪዎቹ ፊታቸውን ሸፍነው በቡድን ይመጣሉ፤ የተወገዘውን ሥራ የሚሠሩትን ማሽኖች ለይተው ይመታሉ፤ ተገቢውን ዋጋ የሚከፍለውን ሰው ማሽን ሳይነኩ ይሄዳሉ። ይህ ሥርዓት በደንብ የታሰበበት ነበር፤ ዘራፊ እንዲህ አይለይም። በኅዳር ወር በበልዌል አንድ ባለማሽን ቤቱን ሲከላከል ጆን ዌስትሊ የተባለ የአርኖልድ ሰው በጥይት ተመትቶ ሞተ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ በ«ጄኔራል ሉድ» ወይም በ«ኔድ ሉድ» ስም፣ ብዙ ጊዜም ከሸርውድ ጫካ እንደተላኩ ሆነው ይጻፉ ነበር። ኔድ ሉድ የሚባል መሪ በእውነት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

የሞት ሕጉ

ማሽን መስበር ከ1788 ጀምሮ ከ7 እስከ 14 ዓመት በግዞት ያስቀጣ ነበር። መንግሥት ግን ይህ አይበቃም ብሎ በ1812 መጀመሪያ ላይ ማሽን የሚሰብር በሞት እንዲቀጣ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ገጣሚው ሎርድ ባይረን፣ ርስቱ በዚያው በኖቲንግሃምሻየር ስለነበር ችግሩን በዐይኑ አይቷል፤ የካቲት 27 ቀን በመኳንንት ምክር ቤት ባሰማው የመጀመሪያ ንግግሩ ረቂቁን አጥብቆ ተቃወመ። ይህን ሕግ በሥራ ላይ ለማዋል አሥራ ሁለት ሥጋ ሻጮች ለፍርድ ሸንጎነት፣ በጭካኔው የታወቀ እንደ ጄፍሪስ ያለ ዳኛም ያስፈልጋል አለ። የሰማው ጥቂት ነው፤ ሕጉ በመጋቢት ጸደቀ። ወደታወኩት አውራጃዎች የተላከው ጦርም እያደር 12,000 ያህል ደረሰ።

ዮርክሻየር

የዮርክሻየር ታሪክ ከሌሎቹ በበለጠ ዝርዝር የሚታወቀው የፍርድ ሂደቱ ተጽፎ ስለታተመ ነው። እዚህ ያመፁት የሱፍ ጨርቅ ከርካሚዎች ነበሩ። ከርካሚ ማለት ጨርቁ ተሸምኖ ካበቃ በኋላ ጸጉሩን አስነሥቶ በትልቅ መቀስ እኩል የሚያስተካክል ባለሙያ ነው። መቀሱ ከአንድ ሜትር በላይ ርዝመት፣ ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ነበረው። ከዓመታት ሥራ የተነሣ የቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ወፍራም ድድር ቆዳ ይወጣል፤ ከርካሚ በዚያ ምልክቱ ይታወቅ ነበር። አንድ የእጅ ስሕተት ሙሉ ጥቅል ጨርቅ ስለሚያበላሽ ደመወዛቸውም ክብራቸውም ከፍ ያለ ነበር። ጸጉር አስነሺውን ማሽን የሚከለክል ሕግ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስለነበረ መጀመሪያ የታመኑት በሕግ ነው፤ ገንዘብ አዋጥተው ጠበቃ ገዙ፣ ለምክር ቤት አቤት አሉ። ምክር ቤቱ በ1809 አሮጌዎቹን የሱፍ ሕጎች ሻረ። መዶሻ ያነሡት ከዚህ በኋላ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

የመከርከሚያ ማሽኑን በማርስደን የሚሠሩት ኢኖክና ጄምስ ቴይለር የተባሉ ወንድማማቾች አንጥረኞች ነበሩ፤ ትልቁ የመስበሪያ መዶሻም ከእነርሱ ቤት የወጣ ነው። ስለዚህ «ኢኖክ ሠራቸው፣ ኢኖክ ይሰብራቸዋል» ይባል ነበር።

ሚያዝያ 11 ቀን 1812 ሌሊት ወደ 150 የሚሆኑ ሰዎች በክሌክሂተን አጠገብ የሚገኘውን የዊልያም ካርትራይትን የሮፎልድስ ፋብሪካ አጠቁ። ካርትራይት አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ከጥቂት ወታደሮችና ታማኝ ሠራተኞቹ ጋር እዚያው ያድር ነበር፤ ደረጃው ላይ ባለሹል ብረት ግንዶች ተደርድረዋል፣ በሩን ጥሶ ለሚገባም አሲድ ተቀምጧል። ተኩሱ 20 ደቂቃ ያህል ቆየ። በሩ አልተሰበረም። ሳሙኤል ሃርትሊና ጆን ቡዝ በጥይት ቆስለው ወደቁ፤ ሁለቱም ሞቱ። ቡዝ ሲያጣጥር አንድ ቄስ ስም እንዲነግረው ሲወተውተው «ምስጢር መጠበቅ ይችላሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ ቄሱ «አዎን» ሲል «እኔም እችላለሁ» ብሎ አረፈ ይባላል። በፋብሪካው ውስጥ ከነበሩት ወታደሮች አንዱ በወንድሞቼ ላይ አልተኩስም በማለቱ 300 ግርፋት ተፈረደበት፤ ከ25 ያህል በኋላ ያስቆመው የካርትራይት ልመና ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከማሽን ወደ ሰው ዞረ። ሚያዝያ 28 ቀን የማርስደኑ የፋብሪካ ባለቤት ዊልያም ሆርስፎል ከሃደርስፊልድ ገበያ በፈረስ ሲመለስ ክሮስላንድ ሙር ላይ ከግንብ ጀርባ በተሸሸጉ ሰዎች ተተኮሰበትና ሞተ። ግድያው ቀደም ሲል ከጎናቸው የነበረውን ብዙ ሰው አሸሽቶባቸዋል። እንዲያም ሆኖ 2,000 ፓውንድ ወሮታ ተነግሮ ወራት ሲያልፉ የተናገረ አልነበረም። በመጨረሻ ራሱ ከገዳዮቹ ጋር የነበረው ቤንጃሚን ዎከር ለመንግሥት መሰከረ።

የዮርክ ልዩ ችሎት በጥር 1813 መጀመሪያ ላይ ተሰየመ፤ ከ60 በላይ እስረኞች ቀረቡ። ጆርጅ ሜለር፣ ዊልያም ቶርፕና ቶማስ ስሚዝ በሆርስፎል ግድያ ተከሰሱ፤ ሦስቱም በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ከርካሚዎች ነበሩ። በሰዓቱ ሌላ ቦታ አይተናቸዋል የሚሉ ምስክሮች ቢያቀርቡም የፍርድ ሸንጎው 25 ደቂቃ ብቻ ተመካክሮ ጥፋተኞች አላቸው። ጥር 8 ቀን ተሰቀሉ፤ ሥጋቸውም እንደ ነፍሰ ገዳይ ለሐኪሞች መማሪያ ተሰጠ። ጥር 16 ቀን 14 ሰዎች ተሰቀሉ፤ ሰባቱ ረፋድ ላይ፣ ሰባቱ ከቀትር በኋላ። ከእነዚህ አምስቱ የሮፎልድስ ጥቃት ተካፋዮች ሲሆኑ ሌሎቹ በየቤቱ እየገቡ መሣሪያና ገንዘብ በመውሰድ የተከሰሱ ናቸው። ጆን ቤይንስ የተባለ የሃሊፋክስ ባርኔጣ ሠሪ 66 ዓመቱ ነበር፤ የምስጢር መሐላ አስምሏል ተብሎ በግዞት ተቀጣ። ዎከር ወሮታውን አላገኘም።

ላንካሻየርና ቼሻየር

በጥጥ አካባቢ የማሽን ሰበራው ከዳቦና ከድንች ዋጋ አመፅ ጋር ተደባልቋል። በሚያዝያ 1812 በሚድልተን ፋብሪካውን ከሚጠብቁት ወገን በተተኮሰ ጥይት ከአምስት የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም የዌስትሆውተን ፋብሪካ ተቃጠለ። በላንካስተር ስምንት ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንዷ ሐና ስሚዝ በምግብ አመፅ የተከሰሰች ሴት ነበረች። በዌስትሆውተን ቃጠሎ ከተሰቀሉት መካከል አብርሃም ቻርልስተን ገና ልጅ ነበር፤ ዕድሜውን አንዳንዶች 12፣ ሌሎች 16 ይላሉ። በቼስተር ሁለት ሰዎች ተሰቀሉ።

ከ1813 በኋላ

የመጨረሻው ትልቅ ጥቃት ሰኔ 28 ቀን 1816 በላፍቦሮ የጆን ሂትኮት የዳንቴል ፋብሪካ ላይ ደረሰ፤ ከ50 በላይ ማሽኖች ተሰበሩ። ጄምስ ታውል በኅዳር፣ ስድስት ሌሎች ደግሞ በሚያዝያ 1817 ሌስተር ላይ ተሰቀሉ። ሂትኮት ሥራውን ነቅሎ ወደ ቲቨርተን፣ ዴቮን ወሰደው። በ1826 የላንካሻየር ሸማኔዎች በጥቂት ቀናት ከ1,000 በላይ የሞተር ሽመና ማሽኖችን ሰበሩ፤ እነዚያ ግን ራሳቸውን ሉዳይት አላሉም።

ሉዳይቶች መንግሥት ለመገልበጥ አስበው ነበር ወይስ የደመወዝና የሥራ ጉዳይ ብቻ ነበር በሚለው ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። ለኖቲንግሃም ሁለተኛው ይበልጥ እውነት ይመስላል፤ በዮርክሻየር የምስጢር መሐላና የመሣሪያ መሰብሰብ ስለነበረ መልሱ ያን ያህል ቀላል ላይሆን ይችላል።

የከርካሚዎቹ ፍራቻ መሠረት እንደነበረው ግን በጊዜው የቀረበ ቁጥር ያሳያል። ከ1806 እስከ 1817 ባለው ጊዜ በዮርክሻየር የጸጉር አስነሺ ማሽን ያላቸው ፋብሪካዎች ከ5 ወደ 72፣ በማሽን የሚሠሩ መቀሶች ደግሞ ከ100 ወደ 1,462 ጨመሩ። ከ3,378 ከርካሚዎች 1,170ው ጨርሶ ሥራ አጥ ነበሩ፤ 1,445ቱ በከፊል ብቻ ይሠሩ ነበር።