ከግንባታ ቦታ የሚወጣ የዝናብ ጎርፍ፦ የክትትልና የሪፖርት ግዴታዎች በአሜሪካ

ሣሩ ተገፎ አፈሩ በተራቆተ የግንባታ ቦታ ላይ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ደለል፣ የኮንክሪት እጣቢና የተንጠባጠበ ነዳጅ ጠርጎ ወደ ቦይ፣ ከዚያም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ደለሉ ዓሦች እንቁላል የሚጥሉበትን ጠጠር ይሸፍናል፣ የፀሐይ ብርሃን ወደ ውሃው እንዳይዘልቅ ይጋርዳል፣ የፍሳሽ መስመሮችንም ይደፍናል። አንዴ ወንዝ የገባ ደለል ተሰብስቦ አይመለስም። ስለዚህ በአሜሪካ ያለው የቁጥጥር ሥርዓት በሰዓትና በቀን የተቆረጠ ነው፤ መቼ እንደሚታይ፣ መቼ እንደሚጠገን፣ መቼ እንደሚጻፍ ተወስኗል።

መሠረቱ የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግና የ1987 ማሻሻያው ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1990 የወጣው ደንብ 5 ኤከርና ከዚያ በላይ መሬት የሚቆፍሩ ግንባታዎችን ፈቃድ እንዲያወጡ አስገደደ፤ የ1999ኙ ወለሉን ወደ 1 ኤከር፣ ማለትም ወደ 4,000 ካሬ ሜትር ገደማ አወረደው። ከ1 ኤከር ያነሰ ቦታም የአንድ ትልቅ ልማት አካል ከሆነ አያመልጥም። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸውን ፈቃድ ይሰጣሉ፤ እንደ ኒው ሜክሲኮና ኒው ሃምፕሻየር ባሉት ግን የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጠቅላላ ፈቃድ (ለብዙ ቦታዎች በአንድነት የሚያገለግል ፈቃድ) ይሠራል። ከዚህ በታች የሚነሱት የፌዴራል ግዴታዎች በ2022 ሥራ ላይ ከዋለው ከዚሁ ፈቃድ የተወሰዱ ናቸው።

ምርመራ

ፈቃዱ ሁለት አማራጭ ይሰጣል። አንደኛው በየ7 ቀኑ መመርመር ነው። ሁለተኛው በየ14 ቀኑ መመርመርና በተጨማሪ በ24 ሰዓት ውስጥ 0.25 ኢንች (6 ሚሊሜትር ያህል) ወይም ከዚያ በላይ ዝናብ ከጣለ በ24 ሰዓት ውስጥ ቦታውን ማየት ነው። ሁለተኛው ሥራ የሚያቀል ይመስላል፤ በዝናብ ወራት ግን ይከብዳል፤ የዝናብ መለኪያ ወይም በቅርብ ያለ የአየር ሁኔታ ጣቢያ መረጃ በየዕለቱ መመዝገብን ይጠይቃል። ዝናቡ ለቀናት ከቀጠለም በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቀን ሁለት ምርመራ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ጎርፉ የሚገባው ቀድሞ በደለል ወደተጎዳ ወይም ልዩ ጥበቃ ወዳለው ውሃ ከሆነ ምርጫው ይቀራል፤ በየ7 ቀኑም፣ ከዝናብ በኋላም መመርመር ግድ ይሆናል። ከቁፋሮ ጉድጓድ ውሃ በፓምፕ በሚወጣበት ቀን ደግሞ በዕለቱ ምርመራ ይደረጋል።

መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው የደለል አጥሩን፣ ማለትም ደለል እንዲያስቀር የተተከለውን የጨርቅ አጥር ነው። የጨርቁ ግርጌ መሬት ውስጥ ካልተቀበረ ውሃው በሥሩ ያልፋል፤ ጫፎቹ ወደ ዳገቱ ካልታጠፉ በጎን ይዞራል፤ ጎርፍ ተሰብስቦ በሚወርድበት ፈለግ ላይ ከተተከለ ደግሞ ይገነደሳል። አጥሩ ለጠፍጣፋ፣ ለስስ ጎርፍ እንጂ ለቦይ የተሠራ አይደለም። ደለሉ ከመሬት በላይ ያለውን ቁመት ግማሽ ሳይደርስ መነሳት አለበት። ቀጥሎ የመኪና መውጫው ይታያል፤ ጎማ ወደ አስፋልት ያወጣው ጭቃ በዚያው የሥራ ቀን መጠረግ አለበት። ጎርፉ ከቦታው በሚወጣባቸው ነጥቦች ላይ የውሃው ቀለም፣ ሽታ፣ አረፋና የዘይት ቅባት ይመዘገባል።

ናሙና

በ2009 ኤጀንሲው ትልልቅ ቦታዎች ከ280 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) እንዳያልፉ የቁጥር ገደብ አውጥቶ ነበር፤ ተፈጻሚነቱ ታግዶ ቆይቶ በ2014 ተሰረዘ። ስለዚህ በፌዴራል ደረጃ ዋናው መሣሪያ አሁንም የመርማሪው ዓይን ነው። የድፍርስነት ልኬት የሚጠየቀው ጥበቃ ወደሚሻ ውሃ በፓምፕ ለሚለቀቅ ፍሳሽ ሲሆን መነሻው፣ ማለትም ሲታለፍ እርምት የሚያስጀምረው ቁጥር፣ 50 ኤንቲዩ ነው። ውሃ በሚለቀቅበት ቀን ሁሉ ቢያንስ አንድ ናሙና ይወሰዳል፣ የሚነጻጸረውም የሳምንቱ አማካይ ነው፦ 80፣ 30 እና 25 ቢገኝ አማካዩ 45 ነውና አላለፈም። 50ን ማለፍ በራሱ ጥሰት አይደለም፤ አልፎ እርምት አለመውሰድ ግን ጥሰት ነው። ውጤቱ በየሩብ ዓመቱ፣ ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ይላካል።

የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ጠበቅ ያለ ነው። መነሻው 25 ኤንቲዩ ሲሆን 250 ከደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ምንም ፍሳሽ ያልወጣበት ወር እንኳ ሪፖርት ይደረግበታል። ካሊፎርኒያም 250 ኤንቲዩንና ከ6.5 እስከ 8.5 ያለውን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) እንደ ማስጠንቀቂያ ወሰን ትጠቀማለች። ፒኤች የተካተተው ትኩስ ኮንክሪት ያጠበ ውሃ አልካሊነቱ ከፍ ብሎ ዓሣ ስለሚገድል ነው።

ልኬት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ነው። ናሙናው ከወንዙ ጋር ሳይቀላቀል፣ የጠርሙሱ አፍ ወደ ፍሰቱ ዞሮ፣ የቦዩ ወለል ሳይነካ መቀዳት አለበት። ደለሉ ጠርሙሱ ሥር ሳይዘቅጥ በቀስታ ተገለባብጦ ይለካል። ውሃው በሚለካበት የመስታወት ብልቃጥ ላይ የቀረ የጣት አሻራና በውስጡ ያለ የአየር አረፋ ንባቡን ያሳብጣሉ፤ መሣሪያውም በመደበኛ መለኪያ ፈሳሽ ካልተስተካከለ ቁጥሩ አይታመንም።

ጥገናና መዝገብ

የምርመራ ሪፖርት በ24 ሰዓት ውስጥ ተጽፎ ይፈረማል። ቀላል ጥገና እስከ ቀጣዩ የሥራ ቀን መጨረሻ፣ አዲስ መከላከያ መሥራት ወይም ከባድ ጥገና ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ ያልቃል። በአንድ ቦታ ያው ብልሽት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተጠገነ ንድፉ ራሱ ስህተት ሊሆን ስለሚችል ወይ የእርምት እርምጃ ይወሰዳል፣ ወይ አሁንም ተራ ጥገና የሚበቃበት ምክንያት በሪፖርቱ ይጻፋል። ይህ ከፈቃዱ ጥሩ አንቀጾች አንዱ ነው፤ የወደቀ አጥር በየሳምንቱ እያቆሙ መዝገብ መሙላትን ያስቀራል። በዝናብ ወራት ሳምንት ለሳምንት ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር የያዘ መዝገብም ተቆጣጣሪን ወዲያው ያጠራጥራል።

ሕንፃው አልቆ ሠራተኛው ቢወጣም ምርመራው አይቆምም። የተራቆተው መሬት የአካባቢው ተፈጥሯዊ ሽፋን 70 በመቶ ያህል እስኪያበቅል ወይም በሌላ ቋሚ ሽፋን እስኪያዝ፣ የፈቃዱ ማቋረጫ ማስታወቂያም ከፎቶግራፍ ጋር እስኪገባ ድረስ ኃላፊነቱ በፈቃድ ባለቤቱ ላይ ነው። መዝገቡም ከዚያ በኋላ ለ3 ዓመት ይቀመጣል።